ከአንገት በታች

«አልቀመጥም ብያለሁ ጋሽ አበጋዝ፤ ከእንግዲህ የሟች ልብስ ገላዬን አይነካም!»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! እስከ መቼ የሰው ሬሳ ሆኜ ልኑር?»

«ሬሳ አትበይ፤ የሰው ልጅ ናት። እናቷ አመሻሽ ላይ ፎቶውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው? ልጅዎ አንገትና ጭንቅላት ብቻ ሆና ቀረች ልበላቸው?»

«የፈለጉትን ይበሏቸው። እኔ ነገ ጠዋት የአሰብ አውቶቡስ ላይ ነኝ።»

«በየትኛው ይለፍ ወረቀት?»

እታገኝ የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ሳበች። ጋሽ አበጋዝ ክርክሩ እዚህ ላይ እንደሚያልቅ አስቀድመው ያወቁ ይመስል መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። ከደሴ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለይለፍ ወረቀቱ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ፊልምና የፎቶ ወረቀት በጠፋበት በዚያ ዓመት ደግሞ ሳይዘጋ የቀረው ፎቶ ቤት ይኸው የእሳቸው ብቻ ነበር።

«አንዴ ብቻ ተቀመጪልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያ ያንቺን አነሳልሻለሁ፣ ዛሬውኑ አጥቤ በእጅሽ። አሰብ ወርደሽ ዓሣ ስትጠግቢ እንኳ ታመሰግኚኛለሽ።»

ፎቶ ቤቱ ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሰዓት ጠጋኝ መካከል ተጣብቆ የቆመ፣ ፊቱ ጠባብ፣ ውስጡ ግን ወደ ኋላ የሚዘልቅ ቤት ነው። ከመንገድ ሲገቡ መጀመሪያ መስተዋትና ማበጠሪያ ያለበት መቀበያ፣ ቀጥሎ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ የተወጠረበት ማንሻ ክፍል፣ ከሁሉ ኋላ ደግሞ ጨለማው ክፍል ይገኛል። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የመንገዱ ድምፅ እየራቀ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው የማጠቢያው መድኃኒት ሽታ እየበረታ ይሄድና፣ መጨረሻው ክፍል ሲደረስ ውጭ ቀን ይሁን ማታ መለየት ያስቸግራል።

ሥራው እንዲህ ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ሲሞት የሚተወው ፎቶ መታወቂያው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጉርድ ብቻ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ የሚሰቀል፣ ሟቹ አምሮበት፣ ሙሉ ሆኖ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። ጋሽ አበጋዝ ጭንቅላቱን ከመታወቂያው ያጎላሉ፤ ከአንገት በታች ያለውን ግን ከእታገኝ ይወስዳሉ። ቤተሰቡ ያመጣውን የሟቿን ቀሚስ ትለብሳለች፣ በተጠረበው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ታነባብራለች። እሳቸው ያነሷታል፣ በምላጭ ይቆርጣሉ፣ ያጣብቃሉ፤ እሷ መጋጠሚያውን በቀጭን ብሩሽ ማተብ ወይም ሐብል ስላበት ትሸፍነዋለች፤ ከዚያ የተጣበቀው እንደገና ይነሳል። እጁ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ቤተሰብ የለም። «ሙሉ አደረጋችሁልን» ብለው መርቀው ይሄዳሉ። ለወንዶቹ የሚቀመጡት ራሳቸው ጋሽ አበጋዝ ነበሩ፤ በዚህ የተነሳ እታገኝ «በከተማችን ቦርጭ የሌለው ሟች ጠፋ» እያለች ታሾፍባቸው ነበር። ያኔ ይስቁ ነበር። አሁን ግን ጉልበቴን ያመኛል እያሉ ከመቀበያው አልፈው ወደ መንገድ ብቅ ማለት ከተዉ ቆይተዋል፤ ምግባቸውን የምታመጣላቸው እሷ ናት፣ የሚተኙትም ከሸራው ጀርባ ነው።

እሷም ወደ ሰው ቤት መሄድ እየከበዳት መጥቷል። ለቅሶ ልትደርስ በገባችበት ሁሉ፣ ጉልበት ላይ የተነባበሩ የራሷ እጆች ግድግዳው ላይ ሆነው ይጠብቋታል። ሕፃናት ፊቷን ትተው እጇን ያያሉ። በፋሲካ ሰሞን ሸዋ በር ሠፈር አንድ ቤት ውስጥ ዓይነ ስውር አሮጊት ለሰላምታ የያዙትን እጇን አልለቅም ብለው፣ ጣቶቿን እያንዳንዳቸውን ሲዳብሱ ቆይተው፣ በማታውቀው ስም ጠርተዋት፣ «ምነው ቆየሽ?» አሏት። አሰብ ያለችው እህቷ ወደብ አጠገብ ሻይ ቤት ከፍቻለሁና ነይ ብላ የላከችባት ከዚያ በኋላ ነው። እታገኝ መልእክቱን ባመጣላት ሾፌር ፊት አለቀሰች። ባሕር ዳር፣ ሙቀት፣ ማንም የማያውቃት አገር፤ እጆቿ የእሷ ብቻ የሚሆኑበት።

ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ቀሚሱን ለበሰችው። ስንቅነሽ የምትባለው ሟች በስፋትም በቁመትም ልኳ ነበረች። እናቶች የሚያመጡት ልብስ ሁልጊዜ ሳጥን ሳጥን የሚሸት፣ ሲለበስም የሚቀዘቅዝ ነው፤ ይህ ግን ብብቱ ገና ለብ ያለ፣ አሁን ከሰው ገላ ላይ የወለቀ ይመስል የላብና የቅቤ ሽታ ያለው ነበር። የጀርባውን ቁልፎች ጋሽ አበጋዝ ቆለፉላት። መብራቶቹ ሲበሩ ጠርሙስ ውስጥ እንደተዘጋበት ዝንብ ጥዝዝ የሚል ድምፅ አወጡ፣ ሙቀታቸው ግንባሯን ያዘው፣ ከመብራቱ ወዲያ ያለው ሁሉ ጠቆረ። ጋሽ አበጋዝ የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገቡ፤ ከጨርቁ ሥር የሚወጣው ድምፅ ታፍኖ፣ ከሌላ ቤት የሚመጣ ይመስላል።

«አገጭሽን ዝቅ። ትከሻሽን ልቀቂው። ወደዚህ፣ ስንቅነሽ።»

ዞረች። ስሙ የእሷ አለመሆኑን ያስተዋለችው ከዞረች በኋላ ነው።

ቃላቸውን ግን ጠበቁ። የራሷን ሹራብ ለብሳ ስትመለስ ጉርዷን አነሷት፤ ጨለማው ክፍልም ተከትላቸው ገባች። በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሹራቡ አንገትጌ መጣ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ፀጉሯ፤ የፊቷ ቦታ ግን ነጭ ሆኖ ቆየ። ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ጋሽ አበጋዝ ሳህኑን ያዘነብላሉ፣ ይመልሳሉ፣ ያዘነብላሉ። በመጨረሻ፣ ከጓዳ ተጠርቶ ለመውጣት እንዳልፈለገ ሰው፣ ፊቱ እያመነታ ብቅ አለ፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ግጥም ያለ አፍ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ፊቷን በፎቶ አይታው ስለማታውቅ እርግጠኛ መሆን አልቻለችም።

«እኔ ነኝ?» አለች።

«ታዲያ ማን ልትሆን ነው?» አሉ ጋሽ አበጋዝ። ወረቀቱን ግን ዝቅ ብለው አላዩትም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞላው። ቀበሌው ውስጥ ሰዉ በእርጥብ ካፖርትና በእርጥብ ጋቢ ተሰልፎ ነበር፤ ቤቱ የሱፍና የጭቃ ሽታ ይሸታል። ተራዋ ሲደርስ ጓድ መንበሩ የሚባለው ወጣት ጸሐፊ ፎቶዎቹን ተቀበላት፣ ማጣበቂያ ቀባ፣ ሊለጥፍ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዞረው። በአውራ ጣቱ ፊቱን ሸፈነና ከአንገት በታች ያለውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ» አለ።

«ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ፎቶውን፤ ከዚያ ትከሻዋን። ግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። የጸሐፊው ፊት አመድ መሰለ። ፎቶዎቹን በጣቱ ሳይነካ በእርሳሱ ጫፍ እየገፋ ወደ እሷ መለሳቸው።

«ግድግዳችን ላይ በዚህ ትከሻ የተቀመጠችውን እናቴን» አለ በሹክሹክታ፣ «በገዛ እጄ አፈር አልብሻታለሁ። ለሞተ ሰው ይለፍ አልጽፍም። ሂጂልኝ፣ በማርያም።»

ወደ በሩ ስትዞር ከኋላዋ የተሰለፉት መንገድ ለቀቁላት፤ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ። ውጭ ከወጣች በኋላ ፎቶውን አውጥታ ልታየው እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ ጠርዙን ዳሰሰችው፣ እዚያው ተወችው።

እግሯ የሚያውቀው በር አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ አበጋዝ መስተዋቱ አጠገብ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«እምቢ አለሽ» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም።

«ሌላ አንሱኝ። ትከሻዬ እንዳይታይ፤ ፊቴን ብቻ።»

«አነሳሻለሁ። ግን ስንቅነሽ ፎቶዋ ላይ ተበላሸችብኝ፤ መጀመሪያ አንዴ ድገሚልኝ።»

ነጋቲቩን ወደ አምፖሉ አንስተው አሳዩዋት። ወንበሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የሸራው ዘንባባ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ቀሚሱ ብቻ፣ ካሜራው ሥራውን ሳይጨርስ ተነሥቶ እንደ ሄደ ሰው፣ ወደ በሩ አቅጣጫ ተስቦ ይታያል። እታገኝ ግን አልተነቃነቀችም ነበር። ይህን ለመናገር አፏን ከፈተችና የጋሽ አበጋዝን ዓይን ስታይ እሳቸውም እንደሚያውቁት ተረዳች። የመጨቃጨቅ አቅሟ አልቆ ነበር። ቀሚሱን አጠለቀችው፤ ካወለቀችው ሰዓታት ያለፉት ልብስ አሁንም ለብ ብሏል። ተቀመጠች። መብራቶቹ ጥዝዝ አሉ። በዚህኛው ጊዜ ጋሽ አበጋዝ ምንም አላዘዟትም፤ አገጯ ራሱ ዝቅ አለ፣ እጆቿም ራሳቸው ተነባበሩ።

ሲያበቃ ልታወልቀው ወደ ጀርባዋ እጇን ሰደደች። ቁልፎቹን ፈለገች። ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ደጋግማ ዳበሰች፤ ጣቷ የሚያገኘው ያልተቋረጠ ስፌት ብቻ ነው።

«ይፍቱልኝ።»

ጋሽ አበጋዝ ከኋላዋ ቆሙ። ትንፋሻቸው አንገቷ ላይ ተሰማት፤ ጣቶቻቸው ጀርባዋ ላይ ወጡ፣ ወረዱ፣ ቆሙ።

«አልፈታ አለኝ» አሉ።

«መቀስ ያምጡ።»

ጋሽ አበጋዝ ወደ ካሜራው ተመለሱ።

«የኔንስ ፎቶ መቼ ነው የሚያነሱት?»

«ፊልሙ አለቀ፣ እታገኝ።»

«ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?»

ጋሽ አበጋዝ ወደ መቀበያው፣ ከመቀበያውም አልፈው ጉም ወደሞላው ደጃፍ ተመለከቱ። «እኔስ» አሉ፣ «ከዚህ ወጥቼ የት ስሄድ አየሽኝ?»

ያን ጊዜ የመንገዱ በር ተንኳኳ። የገቡት ጥቁር ለብሰው፣ ወገባቸውን በነጠላ የታጠቁ አጭር ሴት ነበሩ፤ የስንቅነሽ እናት እትዬ አምሳለ። ጃንጥላቸውን አራግፈው ጥጉ ላይ አቆሙት። ገመዱ ላይ ወደተንጠለጠሉት ፎቶዎች አልዞሩም። ከብርሃኑ ዳር በልጃቸው ቀሚስ የቆመችውን ሴት አዩ፤ አልጮሁም፣ አልደነገጡምም። ሠፈር ለሠፈር ፈልገው ልጃቸውን ጎረቤት ያገኙ እናት ይመስል በረጅሙ ተነፈሱ።

«ፎቶው ገና አልደረቀም እትዬ» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

«ይቅር ጋሼ። ፎቶ ምን ያደርግልኛል?»

ቀርበው እጇን ያዙ። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር። እታገኝ ስሟን ልትነግራቸው ፈለገች፤ እታገኝ ነኝ፣ አሰብ እህት አለችኝ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ስሙ ግን ምላሷ ላይ ሊመጣላት አልቻለም። ዞራ ጋሽ አበጋዝን አየቻቸው። እሳቸው የካሜራውን ዓይን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር፤ በጥንቃቄ፣ ክብ ክብ እያደረጉ፣ ሌላ ሥራ እንደሌለው ሰው። ቀና አላሉም።

ወጡ። ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ ነበር፤ መኪናው አልቆመም። ሰዓት ጠጋኙ መነጽሩን ከዓይኑ አላነሳም። ከአውቶቡስ ተራው በኩል የነገውን የአሰብ መንገደኛ የሚጠራ ረዳት ድምፅ በጉሙ ውስጥ መጣ፣ ራቀ፤ እጇን የያዙት እትዬ አምሳለ መሄዳቸውን አላቆሙም። የሚያልፉት ሰዎች ግራና ቀኝ እየለቀቁላቸው ያልፋሉ፤ ወዴት ነው ያለ የለም። ከመታጠፊያው በስተቀኝ ለነገው የስንቅነሽ አርባ የተተከለው ድንኳን ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የሴቶች ወሬ፣ የድስት ክዳን፣ የእንጨት ጭስ ሽታ ከውስጡ ይወጣል። የእታገኝ እግር ሳታዝዘው ወደዚያ ታጠፈ።

«ወደዚያ አይደለም፣ የኔ እናት» አሉ እትዬ አምሳለ እጇን በቀስታ ሳብ አድርገው፣ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚወጣውን መንገድ እየያዙ፤ «ከወጣሽ ጀምሮ ትመለሳለች ብለን መቃብሩን አልደፈንነውም።»