ጥርት ያለው ውኃ

«ወረቀቱ ምን አለ፣ ልጄ?» አባቷ የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ ጨብጦ ጠየቃት።

«ገለልተኛ» አለች ታም ዓይኗን ሳታነሳ።

መምህሯ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ መመርመሪያ ወረቀት አድለው ነበር። የቤታቸው ቦይ ውስጥ ነክረው፣ ቀለሙን አይተው፣ ውኃው «አሲዳማ» ወይም «ገለልተኛ» ብለው እንዲጽፉ። ታም ግን ትናንት ቮሊቦል ነበረባት። ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ስታይ የመጀመሪያው ዝናብ የሞላው ቦይ እንደ መስታወት ጠርቷል። ይሄን የመሰለ ውኃ ምን ችግር ይኖረዋል? «ገለልተኛ» ብላ ጻፈችና ፈረጠጠች።

አባቷ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነው። «ልጄ ውኃ መረመረች» ብሎ ለግማሹ መንደር አውርቷል። አሁን ውኃውን ስምንት ቀን በሆነው የሩዝ ችግኝ ላይ ሊለቀው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቆይ እስቲ!» አክስቷ ኡት ከወዲያ ማዶ እየተንቦጫረቀች መጣች። በእፍኟ ጨልፋ ቀመሰችና እንትፍ አለች። «ጥሬ ማንጎ ከዛገ ሚስማር ጋር! ውኃ እንዲህ ሲያምር እፈራዋለሁ። አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን ጭቃው ሁሉ ታች ይተኛል፣ ዓሣውም ይሸሻል። ይሄን ወደ ወንዙ ድፋውና ሁለተኛውን ዝናብ ጠብቅ፤ ችግኝህን ያቃጥልብሃል።»

«እህቴ፣ ዘመኑ የወረቀት ነው» ሳቀ አባቷ። «ልጅቷ ለክታለች።»

ታም አክስቷ የምትቆጣ መስሏት ነበር። ኡት ግን አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። «ከለካችማ ምላሴ አርጅቷል ማለት ነው። እኔ እንደሆንኩ ፊደል አልቆጠርኩም።» ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች።

ኡት የቦዩ ሰው ሁሉ ከመዝራቱ በፊት ውኃ እንድትቀምስለት የሚጠራት ሴት ናት። አምና የሳቁባት አዲስ ሰፋሪዎች ችግኛቸው ተቃጥሎ ሁለቴ ዘርተዋል። ያ ምላስ ዛሬ ውኃ ባልነካው ወረቀት ተረታ። ሳንቃው ሲጥ ብሎ አንድ ጣት ያህል ከፍ አለ።

«አባዬ፣ መልሰው!»

«ምነው?»

«ትናንት ቦዩ ጋ አልወረድኩም። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አባቷ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እኔ ለሰው ሁሉ…» ብሎ ጀመረ። ሳንቃውን በሁለት እጁ ተጭኖ ዘጋው።

ታም ሮጣ አክስቷን ደረሰችባት። «አክስት ኡት፣ በምላስ እንዴት ነው የሚለየው? አሳዪኝ።»

ኡት ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ይሄን የመሰለ ጥርስሽን ይዘሽ? ኮምጣጣው ጥርስ ያጠርሳል፣ አንድ ሰሞንም ምግብ ሁሉ ሚስማር ሚስማር ይልሻል፤ ኋላ በእኔ እንዳታላክኪ።»

ታም ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ቀድማት ወደ ቦዩ ወረደች።