ቁጥሩ የተፋቀው ቤዝ ጊታር

ደንበኞቿ «መርማሪዋ» ይሏታል። ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ ሊሸጥላት የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የጥያቄ ወንፊት ያልፋል። ከየት መጣ? ማን ይጫወትበት ነበር? ለምን ይሸጣል?

ወዳ አይደለም እንዲህ የሆነችው። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሱቁን በከፈቱ ሰሞን፣ አንድ አፈ ቅቤ ሰው የሸጠላቸው አምፕሊፋየር የስርቆት ዕቃ ሆኖ ተገኘና ወንድሟ ባላጠፋው ጥፋት ታስሮ ከረመ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ለሰው ፊት ቶሎ አይሸነፉም። ወንድሟ ከፊት ሆኖ ይገዛል፣ ይሸጣል። እሷ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ትጠግናለች።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አንድ መነጽር ሠሪ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤዝ ጊታሩን ያመጣው በቦርሳ ሳይሆን በአልጋ አንሶላ ጠቅልሎ ነው። ይህ ብቻውን ጥርጣሬዋን አስነሣው።

አንሶላውን ስትገልጠው ግን እጇ ቆመ። አሮጌ ነው፤ ቆንጆ ነው። ከአምፕሊፋየር ጋር ስታገናኘው ተንጫጫ፣ ተቆራረጠ። ገልብጣ ጀርባውን አየች። አንገቱን ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው ብረት ላይ መኖር የነበረበት መለያ ቁጥር ተፍቋል።

«ቁጥሩ የት ሄደ?»

«ዝገት መስሎኝ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት» አለ ሰውየው፣ ጆሮው እየቀላ።

ብዙ ውሸት ሰምታለች። እንዲህ ያለ ሞኝ ውሸት ግን ሰምታ አታውቅም፤ ያሳሰባትም ይኸው ነው። ውሸታም ሰው ከዚህ የተሻለ ያዘጋጃል። የማን እንደሆነ ስትጠይቀው «የአንድ ሰው ነው» አላት። ሰውየው ስም የለውም ወይ ብላ ስትይዘው ዓይኑን ሰበረ።

«ስም አለው። ግን አደራ አለብኝ።»

ወንድሟ ከሰውየው ጀርባ ሆኖ በዓይኑ ጠቀሳት፤ እንዳትነኪው ማለቱ ነው። መነጽር ሠሪው ይህን አይቶ ይሁን ሳያይ፣ ባይገዙትም ግድ እንደሌለው ተናገረ። እንዲያውም መሸጡን ልቡ አልወደደውም። በራሱ እጅ እንዲጠግነው የሚያሳየው ሰው ቢያገኝ፣ ዓመታት ዝም ያለው ዕቃ እንደገና ሲናገር መስማት ይፈልጋል።

ወንድሟ ሊያሰናብተው ሲል እሷ ቀደመችና ላሳይዎት እችላለሁ አለች። ማታ ወንድሟ ሲቆጣት፣ ሌባ ከሆነ ቀርበው ሲይዙት አንድ ቀን አፉ ያዳልጠዋል ብላ መለሰችለት። ለራሷም የነገረችው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራው በኋላ ይመጣ ጀመር። ቤዙ ከሱቁ እንዳይወጣ ወንድሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረዋል። እሷ ታሳያለች፣ እሱ ይሠራል። አሮጌዎቹን ክሮች ባንዴ ሳይሆን አንድ በአንድ እንዲያወርድ፣ አለዚያ አንገቱ ድንገት ሸክም ሲቀልለት እንደሚታመም ነገረችው። የጣት መርገጫው ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ በለስላሳ ጨርቅ እንዴት እንደሚያነሣ አሳየችው። መነጽር ሲሞርድ የኖረ እጅ ነውና አንድ ጊዜ ያሳዩትን አይረሳም።

አንገቱ ትንሽ ጎብጦ ነበር። በውስጡ ያለውን ብረት በቁልፍ ሲያጠብቅ ቸኮለ፤ እሷ ሳታስበው እጇን በእጁ ላይ አሳረፈች።

«በቀስታ። እንጨት እኮ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።»

እጇን ማንሣት ያለባት ቶሎ ነበር፤ ቶሎ አላነሣችም።

ጥያቄዋን ግን አላቆመችም። ቤት ውስጥ የሚጫወት ሰው አለ ወይ? ከየትኛው ባንድ ነው የመጣው? እንዲህ ስትለው መነጽሩን አውልቆ፣ ንጹሑን መስታወት መወልወል ይጀምራል። ያለ መነጽር ዓይኖቹ የልጅ ዓይን ይመስላሉ። እሷ ፊቷን ወደ ሥራዋ ትመልሳለች። እንዲህ ያሉ ዓይኖች ናቸው ሰው የሚያታልሉት ትላለች በልቧ።

የኬብሉ መሰኪያ ላይ የላላውን ሽቦ ሲበይድ ጣቱን ተቃጠለ። እሷ «አንተ!» ብላ እጁን ጎትታ ከቧንቧው ሥር አስገባችው። ከዚያ ቀን በኋላ «እርስዎ» የሚለው ቃል በመካከላቸው ተመልሶ አልመጣም።

በዚህ መሐል ወንድሟ ከሌሎች ነጋዴዎች ወሬ ሰምቶ መጣ። ከአንድ የሙዚቃ አዳራሽ እንዲህ ያለ አሮጌ ቤዝ ጠፍቷል፤ ሌባው አልተገኘም። ሰኞ ጠዋት ቤዙንም ወሬውንም ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ አለ። ይህ ዓርብ ነበር።

በዚያው ቀን መነጽር ሠሪው ከሥራ ሲወጣ ተከተለችው። ከመድኃኒት ቤት አንድ ነገር ገዛ፤ ብርቱካንም ገዛ። አንድ አረንጓዴ በር ሲያንኳኳ የሴት ድምፅ በስሙ ጠራው፤ የሴት እጅም ክንዱን ይዞ አስገባው።

ከመንገዱ ማዶ ቆማ ቀረች። ሌባ ነው ብላ ስትፈራ እንዲህ አልታመመችም ነበር። ሌባ ቢሆን ይሻላት እንደነበር ያን ጊዜ ገባት፤ በራሷም አፈረች።

ልትሄድ ስትል በሩ ተከፈተና አንዲት ረጅም ባልቴት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ መንገድ ዳር ቆመሽ ከምትሰልዪ ገብተሽ ብትጠይቂ አይሻልም?»

ገባች። የመነጽር ሠሪው አክስት ናቸው፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የአካባቢው ሰው ግማሹን ያስተማሩ፣ የግማሹን ጆሮ የቆነጠጡ፣ በጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት። መነጽር ሠሪው ሲያያት ደነገጠ እንጂ ያን ጊዜም ትንፍሽ አላለም። እሷ ግን አላስቻላትም፤ የጠፋውን ቤዝ፣ የተፋቀውን ቁጥር፣ የወንድሟን ዛቻ ዘረገፈችው።

አክስቲቱ ሳቁ፤ ቁጥሩን እውነትም ዝገት መስሎት ሲፈገፍገው ዓይናቸው እያየ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው ተቆረጠ።

በወጣትነታቸው በአንድ ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ እንደነበር ነገሯት። አባታቸው ወይ እኔን ወይ ቤዙን ምረጪ አሏቸው፤ አባታቸውን መረጡ፣ አስተማሪ ሆኑ። ቤዙን ግን መሸጥ አቅቷቸው ከልብሳቸው ጀርባ ደበቁት። አሁን የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጧል፤ ለዚህም ነው እንደ ወንድ ልጃቸው ለሚያዩት ለእሱ «ስሜን ሳታነሣ ሽጠው» ያሉት። ያከበራቸው ሰው ሁሉ በስተርጅና መጠቋቆሚያ እንዲያደርጋቸው አልፈለጉም።

«እሱ ደግሞ ሽጠው ብዬ ብልከው መጠገን ጀመረ» አሉ። «አንቺም እንግዲህ አደራዬን ያዢልኝ።»

እይዛለሁ አለቻቸው።

መነጽር ሠሪው ሲሸኛት፣ መንገድ ላይ ጠየቀችው።

«ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበር?»

«የአክስቴን ምስጢር ለአንቺ አሳልፌ ብሰጥ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያንቺን ደግሞ ለማን እንደምሰጥ ስታስቢ ታድሪ ነበር።»

እጁ እጇን ሲፈልግ አልሸሸችም።

ወንድሟ ግን ቤት ጠብቋታል። የተሰረቀ አይደለም አለችው። ከየት መጣ ታዲያ ሲላት መናገር አልችልም አለች። ፊቱ ሲለወጥ አየች።

«እኔ የታሰርኩት እንዲህ ብሎ የመለሰልኝን ሰው አምኜ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ቢሆንም አልችልም።»

አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት ወንድሟ ነው። ያን ምሽት አንድ ገበታ ላይ ቢቀርቡም እንደ ወትሮው አላጎረሳትም። ንጹሕ ሆኖ መጠርጠር ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አወቀችው። እስከዚያ ቀን በጥያቄ ያስጨነቀቻቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባት። በማግስቱ መነጽር ሠሪው ሲመጣ ወንድሟ ከደጅ መለሰው፤ ሌባ እስከማለትም ደረሰ። እሱ የአክስቱን ስም አላነሣም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ወንድሟ ቤዙን ከቁም ሳጥን ሲያወጣ፣ ሱቁ ውስጥ ጊታር የሚሞክሩ ሦስት ሙዚቀኞች ነበሩ። በሩ ላይ አክስቲቱ ቆመዋል። ከሙዚቀኞቹ አንዱ የድሮ ተማሪያቸው ኖሮ፣ ሲጋራውን ወደ ኪሱ ደብቆ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ያ ቤዝ የኔ ነው» አሉ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ።

ወንድሟ በአክብሮት፣ ግን ባለማመን አያቸው። ማስረጃ ብጠይቅዎት ይቀየሙኛል ወይ አለ።

«ለምን እቀየማለሁ? የወፍራሙን ክር መወጠሪያ አዙረው። ከሌሎቹ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ተሰብሮብኝ ተመሳሳዩን ስላጣሁ ሌላ የገጠምኩለት ራሴ ነኝ።»

አዞረው። በተቃራኒ ዞረ።

ወንበር አምጡልኝ አሉና ተቀመጡ። ክሮቹን በጆሯቸው ብቻ ቃኙ። ያበጡት ጣቶች ክሩን ሲረግጡ ፊታቸው በሕመም ተኮሳተረ፤ አንድ ድምፅ ሳቱ፣ ተመልሰው ያዙት፣ ቀጠሉ። ዝቅ ያለ፣ ወለሉን የሚነዝር ድምፅ ነው።

ሲጨርሱ ቤዙን ለወንድሟ አቀበሉት። እንግዲህ ከፈለግህ ግዛው አሉት።

«እትዬ፣ ይህን የምገዛበት አቅም የለኝም» አለ ወንድሟ። ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። የሄደው ወደ መነጽር ቤቱ ነው። እዚያ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ተናግረው አያውቁም፤ ሲመለሱ ግን ጎን ለጎን ነበሩ።

ወሬው መሰማቱ አልቀረም። አንዳንዱ ስለ አክስቲቱ ሰምቶ በድንጋጤ አፉን ያዘ፤ አንዲት የቀድሞ ባልደረባቸው ሰላምታ ነፈጓቸው። ለጥቂት ቀን ከቤት አልወጡም። ከዚያ በእሑድ ከሰዓት መነጽር ሠሪውን፣ እሷንና ወንድሟን አስጠሩ። መነጽር ሠሪው ቤዙን፣ ወንድሟ አምፕሊፋየሩን ተሸክመው በአረንጓዴው በር ገቡ።

«መስኮቱን ክፈቱት» አሉ አክስቲቱ።

ወደ መንገዱ የሚያየውን መስኮት እሷ ከፈተችው። አክስቲቱ መጫወት ጀመሩ፤ ድምፁ ወጣ። የሚያልፉ ሰዎች ቆም አሉ፤ ቀና ብለው አዩ፤ አንዳንዶቹ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ቀሩ። አክስቲቱ ቀና ብለው አላዩም።

መነጽር ሠሪው መጥቶ አጠገቧ ቆመ። በወንድሟ ፊት እጇን ዘረጋችለት፤ ያዛት። ወንድሟ ወደተያያዙት እጆች አንድ ጊዜ አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ትንሽ ከፍ አደረገው።