ያልረጋው ሽሮ

ጉርሻው ምላሷ ላይ እንዳረፈ ጥሩሐረግ ደርቃ ቀረች። አታኝከው፣ አትውጠው። ዓይኗ ብቻ ፈጠጠ።

«ምነው? ፈጀሽ እንዴ?» አለች ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ደጅይጥኑ። «የቄስ ልጅ መጣች ብላ እማዬ በርበሬውን እንኳ ቀንሳዋለች እኮ!»

የፈጃት በርበሬው አልነበረም። ሽታው ነው። ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ተደባልቆ በአፍንጫዋ ወጣና አናቷን መታት። ይህን ሽታ እንኳን አፏ ውስጥ ገብቶ፣ ከሦስት ቤት ወዲያም ታውቀዋለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ የቤቱን ቅቤ የምታነጥር እሷ ናት። አባቷ ቄስ ገብረ ጻድቅም እንግዳ በመጣ ቁጥር «የዚህች ልጅ አፍንጫ አይሳሳትም» ይላሉ። ልጅን እንዲህ እያሉ ማሳደግ ጥሩ አይደለም፤ ግን አሉ።

ቀኑ ደግሞ ረቡዕ። ጾሙ ደግሞ ሁዳዴ።

ጥሩሐረግ ብድግ አለችና እንትፍ አደረገችው። መሬት ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ቅቤ ነው!» ብላ ጮኸች። «በሁዳዴ ቅቤ አበሉን!»

የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ።

መጀመሪያ ነገር እዚያ ቤት ምን አገባት? በ1962 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ ደጅ ወጥቶ የሚበላ ሚስት የሌለው አስተማሪ ነው፤ ለችሎት ከፃግብጂ የመጣ ባለጉዳይ ነው፤ በቅሎ የሚነዳ ነጋዴ ነው። ሴት ልጅ፣ ያውም የካህን ልጅ፣ ባዕድ ፊት አፏን ከፍታ ስትጎርስ ከታየች ስሟ ከጉርሻው ቀድሞ ይዋጣል። ግን የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ያን ቀን አለቀ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ጾማቸውን የዋሉት ሁለቱ ልጆች አንጀታቸው ተጣበቀ። ደጅይጥኑ «እኛ ቤት እንሂድ፣ ጥግ ላይ እንቀመጣለን፣ ማንም አያይሽም» አለቻት። ማንም አያይሽም ተብላ የሄደችው ልጅ ይኸው ራሷን ለአገር አሳየች።

የደጅይጥኑ እናት ወይዘሮ ታይቱ ባላቸው ሲሞት ከኒሯቅ ወጥተው ሰቆጣ የገቡ ናቸው። ሁለት ዓመት ሆናቸው። ምግብ ቤት ከፍተው ልጃቸውን ያስተምራሉ። የሳቸው ሽሮ እንደ ሌላው ሰው ሽሮ አይደለም። ሌላው ሰው በሁዳዴ ጨውና በርበሬ በውሃ በጥብጦ «ጾም ነው፣ ቻለው» ይላል። የሳቸው ቤት አግዳሚ ግን በጾምም ሞልቶ ይውላል። ጾም እንዲህ ከጣፈጠ ምኑን ጾም ሆነ የሚሉ ምላሰኞች ድሮም ነበሩ። ዛሬ ምስክር አገኙ።

አስማረ የሚባለው የማር ነጋዴ እጁ ከትሪው እስከ አፉ መሃል ላይ ቆመ።

«እንግዲያው እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅቤ ስጾም ነበር በሉኛ!» አለ።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና አቆመ። የቀሩት እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰብሰብ አደረጉ። አንዱ ተነሣ። ሌላው ተከተለው።

ወይዘሮ ታይቱ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከጓዳ ወጡ። «ማነው ቅቤ ያለው?»

ሁሉም ወደ ጥሩሐረግ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከዘወረደ ወዲህ እዚህ ቤት ቅቤ አልገባም።»

«ሸተተኝ እኮ!»

«አፍንጫሽ ሸተተው እንጂ ዓይንሽ አላየው።»

ከዚያም ለራሳቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ከሰዎቹ አብዛኞቹ ኽምጣኛ ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡ ናቸው፤ ሴትዮዋ ያሉት «እመቤቴ ሆይ፣ ምን ጉድ ነው» እንደሆነ በደንብ ሰምተዋል። ቢሆንም ወጡ። የሚጠረጥር ሰው የሰማውን አይሰማም።

ደጅይጥኑ ግን እናቷንም ሰዎቹንም አላየችም። መሬት ላይ የወደቀውን ጉርሻ ነበር የምታየው።

«ተፋሽው» አለች ቀስ ብላ። «ባትፈልጊ ዝም ብለሽ አትተይውም ነበር?»

ማታ ቄስ ገብረ ጻድቅ ነገሩን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ምግብ ቤት ምን አስገባሽ የሚለውን ለጊዜው አለፉት።

«ዋጥሽ?»

«አልዋጥኩም አባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አልዋጥኩም አልኩዎ እኮ።»

«ቅቤ ለመሆኑ ነው የምጠይቅሽ።»

«እንደ ስሜ ነዋ! እኔ ቅቤ ይጠፋኛል?»

«እንግዲያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ» አሉ። «የሴትዮዋን ቤት የረገጠ የእኔን ቤት አይርገጥ። የምእመናንን ጾም ያስፈታች ሴት እዚህ ከተማ ምን ትሠራለች?»

ጥሩሐረግ ደነገጠች፤ ነገሩ እዚህ ይደርሳል አላለችም። ከድንጋጤው ሥር ግን ትንሽ ኩራትም ነበር። እሱን ለማንም አልተናገረችም።

ሐሙስ ጠዋት በሰቆጣ ወሬው ቅቤ ነበር። እኩለ ቀን ላይ መረቅ ሆነ። ማታ ደግሞ ወይዘሮ ታይቱ በጓዳቸው የፍየል ጭን ሰቅለው ተገኙ ተባለ። ፍየሉን ያየ ሰው የለም፤ ስለ ፍየሉ ያላወራም የለም።

ደጅይጥኑ ትምህርት ቤት አልመጣችም። መምህሩ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርተው በቀይ ምልክት አደረጉ። ከትምህርት ሲወጡ ጥሩሐረግ በሩ ላይ አገኘቻት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች።

«እንኪ ደብተርሽን» አለቻት። «የጂኦግራፊውን። ሰኞ ወደ ኒሯቅ ልንወርድ ነው።»

«ለምን?»

«ኧረ ባክሽ! ለምን ትለኛለች እንዴ? ትናንት ከአንቺ በኋላ ሰው አልገባም። ዛሬም አልገባም። እማዬ አንድ ድስት ሙሉ ሠርታ ቁጭ ብላ ዋለች። ለየኔ ቢጤዎቹ ብትሰጣቸው እነሱም ‹ነፍሳችንን እንፈልጋታለን› አሉ።»

«ፈተናሽስ? አራት ይቀረን የለም?»

«ኒሯቅ የት አለና ሰባተኛ ክፍል? ፍየል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ይድሩኛል። አለቀ።»

«እኔ እኮ የሸተተኝን ነው የተናገርኩት፣ ደጅይጥኑ።»

«አውቃለሁ» አለች ደጅይጥኑ። «ሌላ ሰው ቢለው ይስቁበት ነበር። የቄስ ልጅ ስትተፋ ግን...» ዞራ ሄደች።

ዓርብ ንጋት ላይ የመጋቢት ብርድ አጥንት ይቆረጥም ነበር። ጥሩሐረግ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ መንገዷ በወይዘሮ ታይቱ ደጅ ነው። ፊቷን አዙራ ልታልፍ አስባ ነበር። የሐሙሱ ድስት ግን አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ውሻ እንኳ ይብላው ተብሎ የወጣ ይመስላል። ክዳኑ ገለጥ ብሏል።

አየችውና እግሯ ተያዘ።

ሽሮው ከታች ዘቅጧል። ከላይ አንድ ጣት ያህል ቀይ ዘይት ተንሳፍፎበታል። ነፋሱ ሲነካው ያ ዘይት እንደ ኩሬ ውሃ ይንቀጠቀጣል።

ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ያደረ ነው። በዚህ ብርድ! ቤታቸው ለፋሲካ የታሸገው ቅቤ በእንዲህ ያለ ንጋት ቢላዋ አያስገባም፤ እሳት ዳር ካልተቀመጠ እንደ ድንጋይ ነው። ወጥ ውስጥ የገባ ቅቤም ሲያድር ነጭ ቆዳ ያወጣል። ይህን የሰቆጣ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች። ረቡዕ ግን አፍንጫዋን ብቻ ነበር የጠየቀችው።

እንስራዋን አወረደች። ጣቷን ነከረች። ዘይቱ በጣቷ ላይ ወርዶ በክንዷ ፈሰሰ።

«ምነው? ዛሬ ደግሞ ሥጋ አገኘሽበት?»

ወይዘሮ ታይቱ ከኋላዋ ቆመዋል።

«እትዬ ታይቱ...» ዘይት የነካ ጣቷን አሳየቻቸው። «አልረጋም።»

«ሰሊጥ ይረጋል እንዴ?»

«ሰሊጥ?»

«ወንድሜ ከተከዜ ዳር የሚልክልኝ ነዋ። እወቅጠዋለሁ፣ በሙቅ ውሃ አሽቼ ዘይቱን አወጣለሁ። ከዚያ ቅቤ ሲነጠር እንደሚደረገው ኮሰረትና በሶብላ፣ አብሽና ኮረሪማ እጨምርበታለሁ። ሰው በሁዳዴ ሆዱ ቢጾም አፍንጫው እንኳ ትንሽ ይደሰት ብዬ ነበር። ጥፋቴ ይኼ ነው።»

ጥሩሐረግ እዚያው ቁጢጥ አለች። ያሸተተችው ቅመሙን ነው። ቅቤውን አፍንጫዋ ከራሱ ጨመረበት።

«ለምን ረቡዕ ዕለት ይህን አልተናገሩም?»

«ልናገር ነበር እኮ ብቅ ያልኩት! ማን ቆሞ ሰማኝ? ያንቺ እንትፍታ ከኔ አፍ በላይ ጮኸ።» ድስቱን አነሡ። «ሂጂ፣ ውሃሽን ቅጂ። አባትሽ ይጠብቁሻል።»

አባቷን ለቤተ ክርስቲያን ሲሰናዱ አገኘቻቸው። ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ቄስ ገብረ ጻድቅ ጥምጥማቸውን ሳይጨርሱ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«አልረጋም?»

«ጠብታ እንኳ አልረጋም አባ። በጣቴ አይቼዋለሁ። ሰሊጥ ነው።»

የጠመጠሙትን ፈቱት። ከዚያ ጥምጥሙን እንደገና ከመጀመሪያው መጠምጠም ጀመሩ።

«እንግዲያው እሁድ አልናገርም» አሉ። «ዝም እላለሁ።»

«ዝም ካሉማ ሰው ወሬውን እንደያዘ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ልበል? የቄሱ ልጅ ዋሸች ልበል?»

«አልዋሸሁም። ተሳሳትኩ።»

«ይህን እኔና አንቺ እንለየዋለን። ሰው አይለየውም። ነገ ባል ሲመጣልሽ ‹ያቺ በምግብ ቤት የጮኸችው› ይሉሻል። ተይው፣ ጊዜ ያስረሳዋል።»

«ሰኞ ይሄዳሉ እኮ አባ።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

ጥሩሐረግ ያን ቀን ትምህርት ቤት ተቀምጣ መምህሩ ያሉትን አንድም አልሰማችም። ለአስማረ ብትነግረው ይስቅባታል። ቤት ለቤት ብትዞር የልጅ ወሬ ማን ያዳምጣል? ረቡዕ የታመነችው በቃሏ አልነበረም። ስትተፋ ታይታ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ወደ ወይዘሮ ታይቱ ቤት ሄደች። ውስጡ ባዶ ነው። ከአግዳሚዎቹ አንዱን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። እግሩ መሬቱን እየፋቀ ጮኸ። ደፉን አሳልፋ፣ አጥሩን አሳልፋ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው መንገድ ዳር አቆመችውና ተቀመጠችበት።

ደጅይጥኑ ሮጣ ወጣች። «ምን እያረግሽ ነው?»

«ርቦኛል። ሽሮ አለ?»

«ግቢና ብይ።»

«እዚህ ነው የምበላው።»

«መንገድ ላይ? አብደሻል? ቅዳሴ ሊወጣ ነው እኮ! አባትሽም በዚህ ነው የሚመጡት።»

«አውቃለሁ።»

«ይገድሉሻል፣ ሞኝ!»

«አንቺ እንጀራውን አምጪው።»

ደጅይጥኑ ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ትሪውን ይዘው የወጡት ግን ወይዘሮ ታይቱ ራሳቸው ነበሩ። ውሃ አፈሰሱላትና ወደ በሩ ተመለሱ።

ነጭ ነጠላው ከላይ መታየት ጀመረ። መጀመሪያ ሴቶቹ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆሙ። ከዚያ አስማረ። «እሰይ! ደግሞ ምን ልታሳየን ነው?» አለ። ከኋላው ካህናቱ፣ ከካህናቱ መሃል ቄስ ገብረ ጻድቅ። አባቷ እንዳዩዋት መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀጥ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ጥሩሐረግ እንጀራውን ቆረሰች፤ ሽሮውን በደንብ ጠቀለለች፤ ሁሉም እንዲያየው ተለቅ አድርጋ። አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው በአፍንጫዋ ወጣ። አኘከች፤ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል። ዋጠችው።

አባቷን እያየች፣ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ደጅይጥኑ» አለች፣ «ጨምሪልኝ።»