ናሙና ቁጥር አራት

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እመት ደንብ» ይሏታል። የክልሉ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ዕቃ ሲገዛ የጨረታ ኮሚቴው ጸሐፊና አባል እሷ ናት፤ ከተጫራች እጅ ውሃ እንኳ ተቀብላ አትጠጣም። ልቧን ለአንድ አናጺ የሰጠችው እንግዲህ ይህችው ሴት ናት።

ሰውዬው መጀመሪያ የመጣው የጨረታ ሰነድ ሊገዛ ነበር። ከዚያ «ጥያቄ አለኝ» ብሎ ተመለሰ። በማግስቱም ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ።

«ሰነዱን አላነበቡትም እንዴ?» አለችው በስድስተኛው ቀን፣ በመስኮቷ በኩል።

«ሦስቴ አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያልገባዎት?»

«እሱማ ሁሉም ገብቶኛል» አለና አንገቱን ደፋ።

ሳቀች። እሱም ደፈር ብሎ ስለ ሥራው አወራት። የተማሪ ዴስክ ሲሠራ ማንም የማያየውን የሥሩን ጠርዝ ሁሉ በእጁ ያለሰልሳል፤ ልጅ ሳለ ሱሪው በዴስክ ተቀዶበት ቀኑን ሙሉ ከመቀመጫው ሳይነሳ ውሏልና። ይህ ጨረታ ካመለጠው ደግሞ የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘግቶ ሩቅ ከተማ ተቀጥሮ ሊሄድ ነው።

ያን ዕለት የጥያቄ ጊዜው አበቃ። ከዚያ ወዲያ አሸናፊው እስኪታወቅ ድረስ የኮሚቴ አባልና ተጫራች መነጋገር ክልክል ነው። አርባ ቀን! እሱ ጠዋት ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ ማዶ ያልፋል፣ ቀና ብሎ አያይም። እሷ ደግሞ በዚያች ሰዓት መስኮቱ አጠገብ የማታስተካክለው ፋይል የለም። ናፈቃት። ድምፁ ናፈቃት፤ ያ መልሱን እያወቀ የሚጠይቀው ጥያቄ እንኳ ናፈቃት።

ናሙናዎቹ የሚመዘኑበት ቀን ደረሰ። ለማንም እንዳይዳላ ሰባቱ ዴስኮች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ግን ያወጣው ዴስክ ነው። ቁጥር አራትን ልትመረምር እጇን ከሥሩ ብትሰድ ጠርዙ ለሰለሰባት። እጇን መልሳ ሳበች።

«ቁጥር አራትን መመዘን አልችልም» አለች። «ሠሪውን አወቅሁት።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ የሰማሁት የለም። ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ዝም አይነቅዝም።»

«እኔን ግን ያነቅዘኛል፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብለን እንጻፍ? ምንሽ ነው?»

አራቱም አባላት አፈጠጡባት።

«ምኔም አይደለም» አለች። «እወደዋለሁ። እሱ አያውቅም።»

እንዳለችው ተጻፈ። እሷም ወጣች። የእሷ ነጥብ ቢኖር ያሸንፍ የነበረው ቁጥር አራት በግማሽ ነጥብ ተሸነፈ።

የተሸነፈ ተጫራች በአምስት ቀን ውስጥ ቃለ ጉባኤውን አንብቦ ቅሬታ የማቅረብ መብት አለው። አራት ቀን አልመጣም። አራቱንም ቀን የሰውየውን እንጀራ በገዛ አፏ እንደዘጋች እያሰበች ተብሰለሰለች።

በአምስተኛው ቀን መጣ። ፋይሉን ሰጠችው፤ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ገጽ ሦስት ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ደግሞ አነበበው።

ተነስቶ ወደ መስኮቱ መጣ። «ቅሬታ ላቀርብ ነው።»

«መብትዎ ነው» አለች። «ስለ ነጥቡ ነው?»

«ነጥቡስ በደንቡ ነው፣ ምንም አልልም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ለአራት ሰው የነገርሽውን ለእኔ አልነገርሽኝም።»

አሁን ቀና ብላ አየችው።

«ከሰዓት በአውቶቡስ ልሄድ ነበር» አለ። «መልሱን ሳልሰማ ግን ንቅንቅ አልልም። ደንቡ በስንት ቀን መልስ ይሰጥ ይላል?»

«በአሥር ቀን» አለች እመት ደንብ፤ መስኮቱን ዘጋችና በበሩ በኩል ወደ እሱ ወጣች።