ደምላሽ የነካው ሰይፍ

በገለባር ምድር የአዛና ሐይቅ በቀትር ፈልቶ ዓሣውን ወደ ሜዳ ተፋ። ከሐይቁ ሥር የተኛው ዘንዶ ጉርማይ መገላበጥ ጀምሮ ነበር። እሱን ያስተኙት የነበሩት ዘጠኝ ሰይፎች ከቆጥር ተራራ ዓለት ተነቅለው ሦስት ትውልድ ሙሉ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የእንግዳ ዓይን ማረፊያ ሆነዋል። ነገሥታት ያማረ ነገር አይተው ቤታቸው ካልሰቀሉት እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ የእነሱ እንቅልፍ ግን ዘንዶውን ቀሰቀሰ።

ንግሥቲቱ ሰይፎቹ አንዲት የዝገት ነጥብ ሳይነካቸው ወደ ዓለቱ እንዲመለሱ አዘዘች። ለመሪነት የተመረጠው የሃያ ሁለት ዓመቱ ደምላሽ ነበር፤ አርባ ወታደር ተሰጠው። ሰይፎቹን የማሸጉ ሥራ ግን የእማማ ስንዱ ሆነ። እማማ ስንዱ ከእናቷ በወረሰችው ሙያ ያረጀች፣ ቁመቷ ከሰይፍ ብዙም የማይበልጥ ሴት ናት። እጆቿን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላ እያንዳንዱን ሰይፍ በስሱ ዘይት ቀባች፣ በለሰለሰ ጨርቅ ጠቀለለች፣ በላዩ ሰም የጠጣ ሸራ ደረበች፣ በልኩ በተቦረቦረ ሣጥን አስተኝታ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን ጭድ ጠቀጠቀች። ጌጠኞቹን አፎቶች ለብቻቸው ጫነቻቸው። ደምላሽ ሰይፍ ያለ አፎቱ ምን ክብር አለው ብሎ ቢከራከራት፣ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ሰይፍ በመንገድ የሚሞተው በአፎቱ ውስጥ ነው አለችው። ከዚያም አርባውንም ሰብስባ አስማለቻቸው።

«ሣጥኖቹ እዓለቱ ሥር እስኪደርሱ አይከፈቱም። በባዶ እጅ የነካ ወዮለት፤ የሰው ላብ ለብረት መርዝ ነው።»

ደምላሽም ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ጮክ ብሎ ማለ።

ሣጥኖቹን የጫኑባቸውን ባለ ቀንድ በቅሎዎች ነድተው በስድስተኛው ቀን ረግረጉ ላይ የጉርማይ ልጆች ወጡባቸው። ደምላሽ ሰባቱን ብቻውን ጣለ። ሐሰት አይደለም፤ ጀግና ነበር። ወታደሮቹም ወዲያው ገጠሙለት፦

«የደምላሽ እጁ የነካው አይተርፍም፣
እንኳንስ ሥጋ ብረት አይችለውም።»

ሙገሳ ከጠጅ ይልቅ ያሰክራል። እማማ ስንዱ ወንዝ ወርዳ ጨርቅ ስታጥብ፣ ሰዎቹም ቁስላቸውን ሲያስሩ፣ ደምላሽ ከሣጥኖቹ አንዱን ፈታ። ነጸብራቅ የተባለውን ሰይፍ ባላበ እጁ ጨብጦ፣ ሌላውን እጁን በብረቱ ላይ አሳርፎ፣ መልኩን አየበት። አማረው። ከዚያ የአሮጊቷን ኮቴ ሰምቶ በችኮላ ጠቀለለው፤ ገመዱን እንደ ነበረ አሰረው። ዘይቱ ትዝም አላለው።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ቆጥር ደረሱ። ምድር ከሥራቸው ትንቀጠቀጣለች። የዓለቱ ዳኛ አፈ ድንጋይ፣ ጢሙ መታጠቂያው የደረሰ ሽማግሌ፣ ሣጥኖቹን አስከፈተ። ስምንቱ ከቤተ መንግሥት እንደ ወጡ ነበሩ። በነጸብራቅ ላይ ግን አራት ቀያይ ጣቶች ታትመዋል።

ደምላሽ ገና ሲያያቸው አወቃቸው። ጆሮው ድረስ ጋለ። መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር፤ መሬት ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበረች።

አፈ ድንጋይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ዓለቱ ዝገትን ይቀበላል፣ ባለቤት ያጣ ዝገትን ግን አይቀበልም። የነካው ስሙን ይስጥ፤ ሰይፉም ለዘላለም በእሱ እድፍ ይጠራል። ባለቤት ከጠፋ ያሸገችው እጅ ነው ተጠያቂው፤ አውራ ጣቷ ይቆረጣል። ይህ የማን እጅ ነው?»

ደምላሽ አባቱን አሰበ፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የልጁን ፉከራ የሚጠብቀውን።

«የማን እጅ ነው?» አለ አፈ ድንጋይ ዳግመኛ።

እማማ ስንዱ ጨርቁን ከእጇ ፈታች። የእሷ ጣቶች ከታተሙት በግማሽ ያንሳሉ፤ ይህን ሁሉም አየ፣ ማንም አልተናገረም። እሷም ወደ ደምላሽ አልተመለከተችም። ብትመለከተው ይቀለው ነበር። ምላሱን ለማንቀሳቀስ ሞከረ፤ ሰባት አውሬ የጣለ ሰው አንድ ቃል ማንሳት አቃተው። እጇን ድንጋዩ ላይ አኖሩት፤ ቢላዋው አውራ ጣቷ ላይ አረፈ፤ ደሟ በቀጭኑ ፈሰሰ።

«ለመጨረሻ ጊዜ፣ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ደምላሽ። «ምዬ ከዳሁ። መልኬን ላይበት ብዬ።»

ቢላዋው ተነሣ። ደምላሽ ነጸብራቅን ተቀብሎ ከስምንቱ ጎን ተከለው፤ አፈ ድንጋይም «ደምላሽ የነካው» ብሎ ሰየመው። ምድር ረጋች። ከታች የሐይቁ እንፋሎት ቀስ እያለ ሲሟሽሽ ታየ፤ ገለባር ዳነች። ወታደሮቹ ያንኑ ግጥም እንደገና አወጡት። አንድ ቃል አልለወጡም፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ይስቁ ነበር። ግጥሙ ከእነሱ ቀድሞ አባቱ ደጃፍ እንደሚደርስ ደምላሽ ያውቃል።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ባዶዎቹን ሣጥኖች ራሱ ተሸከመ። ከእማማ ስንዱ ኋላ ኋላ እየሄደ ይቅርታ ጠየቃት። አሮጊቷ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ሦስት ጊዜ ጠየቁ፣ ልጄ» አለችው። «በሁለተኛው ብትናገር ኖሮ አመሰግንህ ነበር።»

መንገዷንም ቀጠለች።