«ና» ያልኩት ወንድሜን ነበር

የምጽፍላችሁ ሌላ ሰው ያወራኝን አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደናንተ ሳቅ ብዬ አልፈው ነበር።

ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ቦታው ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት የሲሚንቶ ቁልቁለት ላይ።

ፀሐይ ነበረች። ጨለማ አልነበረም... ይህን ያዙልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ዓሣ አስጋሪ ነው። የሐይቁ ውሃ ሸሽቶ ሸሽቶ፣ ጀልባዋን እንደ ድሮው በሰው ትከሻ ማውረድ የማይሞከር ሆነ። ስለዚህ የሚጎትታት መኪና ሊገዛ ቆረጠ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ይህ የዓሣ ወቅት ካመለጠው ጉዱ ነው።

እኔን ያስከተለኝ መኪና ያውቃል ብሎ ነው። አውቃለሁም! ያደግኩት በታክሲ ረዳትነት ነው። ከኋላ ቆሜ መኪና ሳስገባ በመርፌ ቀዳዳ አሾልካለሁ። ትንሽ ጉራ አለበት፤ ግን እውነት ነው።

አንድ የመኪና ደላላ ቁልቁለቱ ድረስ መኪና እያመጣ ያስሞክረን ጀመር።

መጀመሪያ ያመጣት የቤት መኪና ነበረች። ጀልባዋ የተጫነችበትን ተሳቢ ስናስርባት ቂጧ መሬት ነካ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተቀሰረ። ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጥሎ ፒክ አፕ መጣ። ጉልበት አለው። ግን የሚስበው በኋላ ጎማው ብቻ ስለሆነ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል።

«ጋሼ፣ ቁም ነገሩ መጎተቱ ብቻ አይደለም» አለኝ ወንድሜ። «ቁልቁለት ላይ መያዝ አለበት። አለዚያ ጀልባዋ ናት መኪናውን የምትጎትተው።»

ከዚያ ያ መኪና መጣ...

አሮጌ ነው። ከባድ። አራቱም ጎማው ይስባል። ሞተሩ ሲነሳ እግሬ ስር ያለው መሬት ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ገና ሲያየው ልቡ ሸፈተ።

እኔ በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አስገባሁ።

ምንጣፉ ውሃ አቀረረ።

ዝናብ ከጣለ ወራት አልፈዋል።

«ታጥቦ ነው?» አልኩት ደላላውን።

«እ... አዎ። ታጥቦ ነው።»

ምንጣፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጣብቋል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የሐይቅ ሣር ነው።

ቀና ስል ደግሞ ስፖኪዮ የለውም። የውስጡም፣ የግራውም፣ የቀኙም... ሁሉም ተነቅለዋል።

«መስታወቶቹስ?»

«የድሮው ባለቤት ነው የነቀላቸው። ወደ ኋላ ማየት አይወድም ነበር።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሄዷል።»

«የት?»

«ሄዷል አልኩህ እኮ!»

ወንድሜ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ጋሼ ደግሞ መርማሪ ሆንክ! መስታወት ይገዛል። አንተ ከኋላ ሆነህ ታስገባኛለህ፣ አለቀ።»

ብሎ ወጥቶ መሪውን ያዘ። ተሳቢውን ከኋላ አሰርን።

ደላላው ከመኪናው ፊት ቆመ። ከፊት! መኪናው የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፣ እሱ ግን ከኋላው ለመቆም አልደፈረም። በእጁ እየገፋ «ሂድ... ሂድ... ወደ ኋላ ሂድ...» ይላል።

ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሥራዬን አታበላሽብኝ። እንዲህ ነው እንዴ መኪና የሚገባው?»

መጥቶ ጆሮዬ ስር ሹክ አለኝ።

«እዚህ ቁልቁለት ላይ... ሌላውን ቃል አንልም።»

«የቱን? ና የሚለውን?»

እጁ አፌን ሊከድን ምንም አልቀረው። «ቀስ በል! ውሃ ዳር ቆመህ ስትጣራ... ማን እንደሚሰማህ አታውቅም።»

ሰውዬው ትንሽ ነካ ያደርገዋል አልኩ በልቤ። ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እሺ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ቆምኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው።

«ሂድ!» አልኩ።

መኪናው ቆመ። ወንድሜ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ጋሼ፣ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ? ግራ አጋባኸኝ እኮ!»

«ወደ ኋላ! ሂድ!»

ግራ እንደተጋባ ለቀቀው። ተሳቢው ተጣመመ። ጀልባዋ ወደ ድንጋዩ ግንብ ዞረች... ልትፈረካከስ አንድ ክንድ ሲቀራት አፌ ራሱ ተናገረ።

«ቀኝ ስበር! ና! ና! ና!»

«መጣሁ።»

ወንድሜ መስሎኝ ነበር።

ግን ድምፁ የመጣው ከመኪናው አይደለም። ከኋላዬ ነው። ከውሃው...

ክው ብዬ ቀረሁ። ዞር ስል ማንም የለም። ውሃው ጸጥ ብሏል። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም።

ቁርጭምጭሚቴ ላይ የነበረው ውሃ ግን ጉልበቴ ደርሷል።

ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች። ሰው ጠርዟን ይዞ ሲወጣባት እንደምታዘነብለው። ከዚያ ቀጥ አለች።

ጠርዟ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«በቃ!» አልኩ። «ቁም! በቃ!»

«ቆሜያለሁ!» አለ ወንድሜ።

እውነቱን ነው። አራቱም ጎማ ቆሟል። አንዱም አይዞርም። መኪናው ግን... እየመጣ ነው። ጎማው ሲሚንቶውን እየፋቀ፣ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወርዳል።

«ጋሼ! ፍሬን ይዣለሁ! የእጁንም ስቤዋለሁ! ይዣለሁ እኮ!»

ወደ ጎን ዘለልኩ። መኪናው በአጠገቤ አለፈ። ውሃው በሩን ዋጠው። ሞተሩ አንዴ ሳል አድርጎ ጠፋ።

ወንድሜ በመስኮት ወጣ፣ ጣራው ላይ ተንጠላጠለ፣ ከዚያ... ጀልባዋ ላይ ዘለለ። ዓሣ አስጋሪ ሲጨንቀው የሚሸሸው ወደ ጀልባው ነው።

«እዚያ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ዘገየሁ።

ደላላው ከላይ ሆኖ በሲቃ ይጣራል። «ሂድ በለው! የጠራኸው አንተ ነህ፣ አንተ ሂድ በለው!»

«ሂድ!» አልኩ በሙሉ ጉሮሮዬ። «ሂድ! ወደመጣህበት ሂድ!»

የጀልባዋ ማሰሪያ ተበጠሰ።

ጀልባዋ ሄደች። ወንድሜን እንደያዘች፣ ወደ ሐይቁ መሀል፣ ውሃውን እየሰነጠቀች ሄደች።

ወንድሜ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ጋሼ! የጀልባዋን ሞተር እኔ አላስነሳሁትም! ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው!»

በዚያው ቅጽበት መኪናው ከውሃው መውጣት ጀመረ። ሞተሩ ጠፍቷል። ውስጡ ማንም የለም። ባዶውን ተሳቢ እየጎተተ፣ ውሃ እያፈሰሰ፣ በአጠገቤ አልፎ ቁልቁለቱን ወጣ። ደረቁ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ደላላው ጫማውን ጥሎ ሲሮጥ አየሁት።

ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ጋሼ!» ይላል ወንድሜ። ድምፁ እየቀጠነ ነው። «ጋሼዬ!»

ወንድሜን በእጄ ነው ያሳደግኩት። ሲጠራኝ ዝም ብዬው አላውቅም። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የምጠራበት ቃል አንድ ብቻ ነው። ሌላ ቃል ፈለግኩ... ከአፌ ሌላ ቃል አልወጣ አለ።

እያለቀስኩ አልኩት።

«ና! ወንድሜ... ና!»

ጀልባዋ አልዞረችም።

ከኋላዬ፣ ደረቁ ላይ፣ የመኪናው የሾፌር በር ተከፈተ... እርጥብ ባዶ እግር ሲሚንቶውን ረገጠ።