የፕላስቲኩ ቅርጽ

የመንገዱ መሐንዲስ የደረቀውን ቁጥቋጦ በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ያለ ትግል ተነቅሎ ወጣ። ከተተከለ ሦስት ወር ቢሞላውም ሥሩ የችግኝ ፕላስቲኩን ክብ ቅርጽ እንደ ያዘ ነበር፤ አንዲት ክር እንኳ ወደ ውጭ አልዘረጋም።

ልጅቷ አየችው። ከጎኗ የቆመችው አክስቷም አየችው።

የአትክልት ባለሙያ የሆነችው አክስት ይህን የአውራ ጎዳና ዳር ለሙከራ ተከላ ያገኘችው ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታ ነው። ሣርና አበባ አጫጅና የውሃ ቦቴ ሲጠብቁ ይኖራሉ፤ እርሷ የመረጠቻቸው ሬቶችና ቁጥቋጦዎች ግን አንዴ ከያዙ የሰው እጅ አይሹም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ፣ ሥራቸው ከፕላስቲኩ ቅርጽ ወጥቶ አፈሩን እስኪጨብጥ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ማግኘት ነበረባቸው። ይህንንም ለእኅቷ ልጅ አደራ አለቻት።

ልጅቷ ሁለት ሳምንት አጠጣች። በሦስተኛው ጓደኛዋ ባልዲ ተሸክማ አገኘቻትና «ባክሽ አታካብጂ፤ ሬት ማጠጣት ማለት ግመልን ጠርሙስ ይዞ መከተል ነው» ብላ ሳቀችባት። ቀልዱ ጣማት። ከዚያ ወዲያ ባልዲው በአቅራቢያው ካለ ድልድይ ሥር ተደፍቶ ቀረ፤ ባጠጣች ቁጥር ምልክት እንድታደርግበት በተሰጣት የመቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ግን ራይቱ አንድም ቀን አልጎደለም።

መሐንዲሱ ወረቀቱን አየት አድርጎ ለአክስት መለሰላት።

«እትዬ፣ ችግኞቹ ውሃውንስ ጠጥተዋል፤ አልሆን ያሉት ራሳቸው ዕፅዋቱ ናቸው። ሰኞ በሲሚንቶ እንሸፍነዋለን። ለሌሎቹ መንገዶች ያቀረቡትንም ዕቅድ ትተነዋል።»

አክስት የሥሩን ድብልብል በመዳፏ እንደ ያዘች ቀና ብላ ልጅቷን ተመለከተቻት። ብትቆጣት በቀለላት ነበር።

«ምርጫዬ ተሳስቶ ይሆናል» አለችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አክስት ስለ ትምህርት ቤት ፈተናዋ ጠየቀቻት እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላነሳችም።

ቤት ሲደርሱ ግን፣ «አክስቴ፣ ያን ወረቀት ስጪኝ» አለቻት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ነገ ለመሐንዲሱ እወስደዋለሁ።»

«ሲሚንቶው እንደ ሆነ አይቀርም፤ ታዟል።»

«የሌሎቹ መንገዶች ዕቅድስ?»

አክስት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ልጅቷ ብዕር አነሣች፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምራ ራይቶቹን አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ሃያ ነበሩ። አንዱንም አልዘለለችም።